ኦሃዮ ውስጥ የሚሮጠው ሉድቪክ ቤንኮ

ማርልተን፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 3 ቀን 1923

ለተከበሩ አጎቴ ለቮይቴክ ቤንኮ፣
ብራክሊ፣ ፔንሲልቬንያ

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። ይህ ደብዳቤ እርስዎንና አክስቴን አፖሎኒያን በሙሉ ጤና፣ ጣሪያችሁ ሳያፈስ፣ ምድጃችሁም ሳይጠፋ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

የቤዝቦሉ ወራት ባለፈው ሳምንት አለቀ። ዘንድሮ ዘጠና ሰባት ጨዋታ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ኳስ ተቀብያለሁ። የተሰበረው የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ብቻ ነው። የቡድናችን አለቃ ሚስተር ፌልፕስ ወደ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «ከትልቁ ሊግ የመጣ ሰው አይቶሃል። አንተ እስከ ጸደይ ጉልበትህን ጠብቅ፤ ሌላውን ለኔ ተወው» አለኝ። ለኳስ ተቀባይ ጉልበት ማለት ለማዕድን ቆፋሪ ሳንባ እንደ ማለት ነው። ውሉ የሚፈረመው በማርች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ሊያየኝ ይመጣል ብዬ አላስብም።

ክረምቱን እዚሁ በርሜል ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ለሙታን ቀን መምጣት አልችልም። ለልጃችሁ ለሉድቪክ የምታበሩት ሻማ የኔም እንዲሆን እለምናለሁ።

የአክስቴ እግር እንዴት ነው? እብጠቱ ጎደለ?

የእህትዎ ልጅ
ኢምሪክ ቶካር


ብራክሊ
ኦክቶበር 16 ቀን 1923

ለኢምሪክ፣

ለዘላለም ይመስገን፣ አሜን። የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። የአክስትህ እግር እንደነበረ ነው። የማዕድን ሥራው ቀዝቅዟል፤ እኔ በሳምንት አራት ቀን ብቻ ከሰል ጉድጓድ እገባለሁ። ስለ ውሉ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ፍጻሜውን ያሳምርልህ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅዳሜ ጉድጓድ ስለዋልሁ ትናንት ሰኞ ሚልኮ ዘንድ ጢሜን ልላጭ ሄድሁ። ሚልኮ እንደምታውቀው በአንድ እጁ ምላጭ፣ በሌላው ጋዜጣ ይዞ ነው የሚሠራው።

«ቮይቴክ» አለኝ፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ፣ «ኦሃዮ ውስጥ ዘመድ አለህ እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ አለ። ቶካር ነው።»

«ቶካር አይልም። ቤንኮ ነው የሚለው። ሉድቪክ ቤንኮ።»

«ምላጩን አንሳ» አልሁት። አነሳው።

ጋዜጣው ኳሱን በእጅ ይዘው እየሮጡ ፉትቦል ስለሚሉት ስለዚያ የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው የሚያወራው። «የሌክስቢው ሯጭ ሉድቪክ ቤንኮ ኳሱን በክንዱ ሥር አድርጎ አርባ ያርድ ሮጠ፤ ሦስት ሰው ጥሎም መስመሩን አለፈ» ይላል። ቃል በቃል ነው የጻፍሁልህ።

ሌክስቢ ከማርልተን የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ አላውቅም። ኦሃዮ ውስጥ ስንት ቤንኮ እንዳለም አላውቅም። የምታውቀው ነገር ካለ ጻፍልኝ። አክስትህ ጋዜጣ አታነብም፤ አልነገርኋትም።

አጎትህ
ቮይቴክ


ማርልተን
ኦክቶበር 22 ቀን 1923

ለተከበሩ አጎቴ፣

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ።

ሰውየው እኔ ነኝ።

የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍልዎ። የቤዝቦል ውላችን ፉትቦል እንዳንጫወት ይከለክላል፤ አጥንታችን የክለቡ ነውና። ሆኖም ከሴፕቴምበር ጀምሮ ግማሹ ሰው እሑድ እሑድ በውሸት ስም ይጫወታል። አብዛኛው ጆንስ ነኝ ይላል። ባለፈው ወር በአንድ ሜዳ ላይ አምስት ጆንስ ነበሩ፤ አንዱ ጆንስ ሌላውን ጆንስ ጥሎት ጥርሱን አወለቀው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ስደርስ የሌክስቢ ስም መዝጋቢ ኦቶ የሚባል ወፍራም ሰው እርሳሱን ምራቁን እያስነካ፣ «ስም?» አለኝ።

«ጆንስ» አልሁት።

«ጆንስ ሞልቷል። ሌላ አምጣ። ቶሎ በል፣ ከኋላህ ሰው አለ።»

ያን ጊዜ ሉድቪክ ቤንኮ አልሁ። አስቤ አይደለም። እናቴ ከሞተች በኋላ እናንተ ዘንድ በኖርሁባቸው ሁለት ዓመታት ከስሜ ቀጥሎ ሲጠራ የሰማሁት ስም እሱ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ለምን እንደምጫወት ከጠየቁኝ፣ ክፍያው ከአንድ ሳምንት የበርሜል ሥራ ይበልጣል። ሌላም አለ። በቤዝቦል እኔ ቁጢጥ ብዬ ሌላው ሲሮጥ አያለሁ። እሑድ እሑድ እኔ እሮጣለሁ።

ሚስተር ፌልፕስ ይህን ቢያውቅ የማርቹ ውል የለም። ስሙን ያለፈቃድዎ ወስጃለሁ። ተው ካሉኝ በሚቀጥለው እሑድ እተወዋለሁ።

ኢምሪክ


ብራክሊ
ኖቬምበር 5 ቀን 1923

ለኢምሪክ፣

ለዘላለም፣ አሜን። እግዚአብሔር በምትሠራበት ሁሉ ይጠብቅህ።

መልሴ የዘገየው ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ስለቀደድሁት ነው። በሁለቱም ተው ብዬህ ነበር።

አንተ የ1919 አደጋ ሲደርስ እዚህ አልነበርህም። ሦስተኛው ጉድጓድ የፈነዳ ዕለት በማግሥቱ ጋዜጣ ገዛሁ። የአሥራ አንድ አሜሪካውያን ስም ከነዕድሜያቸው፣ ከነቤተ ክርስቲያናቸው ተጽፏል። ከሥር «በተጨማሪም ዘጠኝ የውጭ አገር ሰዎች» ይላል፤ ቀጥሎ ስንገባ የምንይዛቸው የናስ ቁጥሮቻችን ተደርድረዋል። 214 ልጄ ነው። እሳቱ አየር እንዲያጣ የጉድጓዱን አፍ በኮንክሪት ደፈኑት። ሬሳም፣ መቃብርም የለም። ዓርብ ዕለት እንደየዓመቱ ሻማውን ኮንክሪቱ ላይ አበራን። ነፋስ ነበር፤ አራት ጊዜ ጠፋ።

ስሙን በጋዜጣ ያየሁት በኦክቶበር 15 ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ይቀጥል። ጋዜጣው አጭር ስለሆነ አንተ በዝርዝር ጻፍልኝ፤ ስንት ጊዜ ኳስ ያዘ፣ ስንት ያርድ ሮጠ፣ ሰዎቹ ምን አሉ። አንድ ነገር ብቻ አስተካክል። የዛሬው ጋዜጣ ቤንኮ ቡጢ ሰንዝሮ ከሜዳ ወጣ ይላል። ሉድቪክ ሰው መትቶ አያውቅም። ይህ አይደገም።

አጎትህ
ቮይቴክ


ማርልተን
ኖቬምበር 14 ቀን 1923

ለተከበሩ አጎቴ፣

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። ቤታችሁን በረከት ይሙላው።

እንዳዘዙኝ ልጻፍ። እሑድ ኳሱን አሥራ ሦስት ጊዜ ያዝሁ፤ በድምሩ ሰባ አንድ ያርድ ሮጥሁ። አንድ ጊዜ መስመሩን አለፍሁ። አንድ ሰውዬ አይኔ ውስጥ ጭቃ ሲያሽብኝ ምንም አልመለስሁለትም። ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት ሴትዮ፣ «ቤንኮ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ? መነኮስህ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ግራ ጉልበቴ ትንሽ አብጧል።

ሰኞ ሚስተር ፌልፕስ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ የምኖርበት ቤት መጣ። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም።

«ይሄን ቤንኮ የሚሉትን ታውቀዋለህ?»

«የቱን ቤንኮ?»

«ሌክስቢ የሚጫወተውን። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ ትንሿ ጣቱ የተሰበረች። ያየው ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ጣቱ የተሰበረ ሰው እኮ ብዙ ነው፣ ሚስተር ፌልፕስ።»

«እሱማ ብዙ ነው። ታውቀዋለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላውቀውም» አልሁት።

«ጥሩ። ብታውቀው ኖሮ፣ ያን ጉልበቱን ይጠብቅ በልልኝ እልህ ነበር» ብሎ ወጣ።

አጎቴ፣ ሦስት እሑድ ቀርቷል። በነዚህ ሦስት እሑዶች ጆንስ ልሁን። ጥርጣሬው ቤንኮ በሚለው ስም ላይ ነው፤ ስሙ ከጠፋ ጥርጣሬውም ይጠፋል። ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።

ኢምሪክ


ብራክሊ
ኖቬምበር 20 ቀን 1923

ለኢምሪክ፣

ለዘላለም፣ አሜን።

አላውቀውም ብለሃል። አነበብሁት።

ሰኞ ሰኞ ሚልኮ ቤት አሁን ሰባት ስምንት ሰው ይሰበሰባል። የሚላጨው አንድ ሁለቱ ነው። እኔ ስገባ ወንበር ይለቁልኛል። «እህሳ ቮይቴክ፣ ያንተ ልጅ ትናንት ምን ሠራ?» ይላሉ። ሁሉም በ1919 በሉድቪክ የሙታን ቅዳሴ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚስቅ ግን የለም። ሚልኮ ጮክ ብሎ ያነባል። ትናንት፣ «ከልጅነቱ ጀምሮ በሩጫ የሚቀድመው አልነበረም» አልኋቸው። ሁሉም «አዎ፣ እናስታውሳለን» አሉ።

የቀረው ሁለት ጨዋታ ነው። ጆንስ አትበል። አንተ በማርች ፈርመህ በራስህ ስም ሃያ ዓመት ትጫወታለህ። እሱ ያለው ሁለት እሑድ ነው።

ባለፈው እሑድ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው ኳስ የያዘው ይላል። ምን ሆኖ ነው?

ቮይቴክ


ብራክሊ
ኖቬምበር 26 ቀን 1923

ለልጄ ለኢምሪክ፣

ሰላምታ ማሳመር አልችልበትም። እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ካልሲህም ደረቅ ይሁን።

አጎትህ ይህን መጻፌን አያውቅም። እሱ ጋዜጣውን ከኔ የደበቀ ይመስለዋል። የሰማሁት ግን የመጀመሪያው ሰኞ ዕለት ነው፤ የሚልኮ ሚስት እርሾ ልትበደር መጥታ ነገረችኝ። ይህ ሰው በተጋባንበት ሃያ ስምንት ዓመት የሚላጨው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። አሁን ሰኞም ይላጫል። ሚስቱ እንዳላየች ይቆጥራል። የምትልክለትን ደብዳቤ የሚደብቀው የዱቄት ቆርቆሮው ሥር ነው። ዱቄት የሚነካ ሰው ቤታችን ውስጥ ማን እንደሆነ አስቦበት አያውቅም። ሞኝ ነው፤ ምን ላድርገው።

መጀመሪያ ተቆጥቼህ ነበር። ከዚያ ተውሁት። ስም በመጠራት አያልቅም አልሁ።

ትናንት እራት ላይ ግን ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ያ ልጅ እኮ ሩጫ ነፍሱ ነበር» አለኝ።

«የቱ ልጅ?»

«ሉድቪክ ነዋ።»

«ሉድቪክ? የኔ ሉድቪክ?»

«ስንት ሉድቪክ አለ ታዲያ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ኢምሪክ፣ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ አልጋ ላይ ተኝታችኋል። ሉድቪክ ኳስ ይጠላ ነበር። የሰፈር ልጆች ኳስ የርግቦቹን ቤት ከሰበረች ወዲህ ኳስ ካየ ፊቱን ያዞር ነበር። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ዝናብ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲሮጥ፣ «ፊት ለፊትም እኮ እየዘነበ ነው» ብሎ እየተራመደ የሚመጣ ልጅ ነበር። እግሩ ወደ ውጭ ዞር ያለ፣ አረማመዱ እንደ ዳክዬ። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ሰው ዞሮ ያየው ነበር፤ ድምፁ ስለሚያምር አይደለም።

አራት ዓመት ሙሉ ሁለታችን የምናስበው አንድ ልጅ ነበር። ከመኸር ወዲህ አጎትህ ሌላ ልጅ አለው፤ ፈጣን፣ ሰው ጥሎ የሚያልፍ። ያ ዘገምተኛው ከኔ ጋር ብቻ ቀረ። እኔ ስሞት ማን ያስታውሰዋል?

ልጄን መልስልኝ።

ደግሞም ጉልበቴ አብጧል የምትል አንዲት መስመር ጽፈህ ነበር። አጎትህ ዘሏታል። እኔ አልዘለልኋትም። የጎመን ቅጠል በወይን ኮምጣጤ ነክረህ እሰርበት።

አክስትህ
አፖሎኒያ


ማርልተን
ዲሴምበር 5 ቀን 1923

ለተከበሩ አጎቴና አክስቴ፣

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው፤ አብራችሁ አንብቡት።

አጎቴ፣ አክስቴ ሁሉንም ታውቃለች። ሉድቪክ ኳስ እንደሚጠላ እኔም አውቅ ነበር። «የሚቀድመው አልነበረም» ብለው ሲጽፉልኝ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ስሙን ከመውሰዴ የባሰ ነው።

እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ኦቶ በሩ ላይ መዝገቡን ይዞ ቆሟል።

«ዛሬ ቶካር ብለህ ጻፍ» አልሁት። «ኢምሪክ ቶካር።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ቤንኮስ?»

«የለም።»

«ያሳዝናል። ጎበዝ ሯጭ ነበር።»

«አልነበረም» አልሁት።

ጆንስ ብል ለኔ ይሻለኝ ነበር። ግን ቤንኮ ጠፍቶ ጆንስ ቢመጣ ሚልኮ ቤት ያሉት ሰዎች ሯጩ ሉድቪክ እንደነበረ እንዳመኑ ይቀራሉ። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ጋዜጠኛውን ፈልጌ፣ «ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቤንኮ እያላችሁ የጻፋችሁት እኔን ነው» አልሁት። «እርግጠኛ ነህ? ውልህ ከማርልተን ክለብ ጋር ነው እኮ» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልሁ። ጻፈው።

ጨዋታውን ተሸነፍን። ኳሱን ስድስት ጊዜ ያዝሁ፤ አሥራ አራት ያርድ። በስድስተኛው ሁለት ሰው ግራ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። አሁን በምርኩዝ ነው የምሄደው። ሐኪሙ ጉልበቱ ይራመዳል፣ ቁጢጥ ግን አይልም ብሏል።

ሚስተር ፌልፕስ ሰኞ አስጠራኝ። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ስምህን አየሁት» አለኝ። «ፊደሉን እንኳ አላሳሳቱትም።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እየዋሸኸኝ ብትቀጥል ኖሮ እኮ ዝም እልህ ነበር፣ አንተ ልጅ። ሁሉም ይዋሻል። ጋዜጣ ላይ ካወጣኸው ግን ምን ላድርግህ?»

እጄን ጨብጦ አሰናበተኝ። ከክለቡ ወጥቻለሁ፤ የማርቹም ውል የለም። የበርሜል ፋብሪካውም የሚፈልገው ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ አለሁ።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ኢምሪክ


ብራክሊ
ዲሴምበር 18 ቀን 1923

ለእህቴ ልጅ ለኢምሪክ፣

ለዘላለም ይመስገን፣ አሜን። እግዚአብሔር ከጉልበትህ በላይም በታችም እግርህን ያጽናልህ።

የሰኞው ጋዜጣ ካንተ ደብዳቤ ቀድሞ ነው የደረሰው። ሚልኮ ለራሱ አንብቦ ጋዜጣውን አጠፈና፣ «ዛሬ ስለ ፉትቦል የለም» አለ። ነጥቄው አነበብሁት። ግማሽ ጢሜ ሳይላጭ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሚልኮ ዘንድ አልሄድሁም። አክስትህ አሁን ጃርት ነው ያገባሁት ብላኛለች።

ሁለት ሳምንት ተቀይሜህ ነበር። ያንተ ደብዳቤ መጥቶ አክስትህ ፊቴ ቁጭ ብላ ካላነበብህ አትበላም አለችኝ። አነበብሁ። ከዚያ ተጣላን። «ይሮጥ ነበር» አልሁ፤ «አይሮጥም ነበር» አለች። «አንድ ቀን ንገረኝ፤ ሲሮጥ ያየኸውን አንድ ቀን ብቻ» አለችኝ። ተቀምጬ ፈለግሁ። ርግቦቹ መጡልኝ። ዝናቡ መጣልኝ። ያ ቀን አልመጣልኝም።

ለሰው ያልነገርሁትን ላንተ ልንገርህ። በ1919 ከዚያ ፈረቃ አራት ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ወደ መውጫው በጣም ቀርበው ስለነበር አይደለም። ሉድቪክ ከነሱ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ውጭ ቀርቦ ነበር የሚሠራው። እነሱ ግን ጭሱን ሲያዩ ሮጡ።

ጋዜጣው አርባ ያርድ ሮጠ ሲለኝ ያመንሁት ለዚህ ነው።

ለአክስትህ ነገርኋት። ይህን እሷም አታውቅም ነበር። ተነሥታ ምድጃው ላይ ከሰል ጨመረች። ከዚያ፣ «በል ያን ግማሽ ጢምህን ላጭ፤ ሰው መስለህ ጻፍለት» አለችኝ።

ውልህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። ጆንስ ልሁን ብለህ ለምነኸኝ ነበር። ጉልበትህንም ነግረኸኝ ነበር፤ ደብዳቤውን ከዱቄቱ ሥር አውጥቼ ስፈልግ አገኘኋት፤ አራት ቃል ናት። ማለፍ አልነበረብኝም። ይህን የምመልስበት ነገር የለኝም። ሚዛን ቤቱ ውስጥ የከሰል ፉርጎ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋሉ፤ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ለአለቃው ስምህን ሰጥቻለሁ። ከፈለግህ ነው።

ሥራውን ባትፈልገውም ለገና ዋዜማ ና። በልማዳችን ለሉድቪክ ባዶ ሳህን ይቀመጣል። ዘንድሮ እኔ፣ «ኢምሪክ ከመጣ እዚያ ይቀመጥ» ብዬ ነበር። አክስትህ አይሆንም አለች። የሱ ለሱ ነው፣ ያንተ ላንተ ነው፤ ሁለት ሳህን ነው ብላ ከጎረቤት አንድ ተበድራለች። ያንተ በምድጃው በኩል ነው፤ እግርህን የምትዘረጋበት።

ባቡሩ አራት ሰዓት ላይ ይገባል። ጣቢያው ላይ እጠብቅሃለሁ። ዳገቱን ቀስ ብለን እንወጣዋለን።

አጎትህ
ቮይቴክ ቤንኮ